በረኛነት እንጀራ ይሆናል?

«በረኛነት እንጀራ ይሆናል ወይ?» አሉኝ ጎረቤታችን ቶናው እየተቀዳ። ጥያቄው የተሰነዘረው ለእኔ ነው፤ መልሱን የሚጠብቀው ግን በሩን ተደግፎ ክርኑን የሚያሽ የ14 ዓመት ልጃቸው ነበር። ደሴ ውስጥ የልጅ ቁስል አይቶ ምን ቦታ ሲጫወት እንደዋለ መናገር ይቻላል፤ አጥቂ ጉልበቱን ይላጣል፣ በረኛ ክርኑንና ዳሌውን። የዚህ ልጅ ሁለት ክርኖች አንድ ላይ ሽረው አያውቁም። እናቱ በረኛ ሆነው ባሕር ማዶ የሚጫወቱ፣ ለአገራቸውም የሚሰለፉ ሰዎች እንዳሉ ሰምተዋል። ልጁ የሚፈልገውም ያንን ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተነጋግረንበት አላለቀም፤ ያልኳቸውንም ሳልላቸው የቀረውንም እዚህ ልጻፈው።

ከስሙ ልነሳ። ሰፈር ውስጥ በረኛ እንላለን፤ ሬዲዮ ግብ ጠባቂ ይለዋል። ተራው እስኪደርስ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ተጠባባቂ ነው። ጠባቂም ተጠባባቂም የወጡት ከአንድ ግሥ ነው፤ ጠበቀ ማለት ዘብ ቆመ ማለትም ነው፣ እስኪመጣ ቆየ ማለትም ነው። ለአጥቂ ይህ የቃላት ገጠመኝ ሆኖ ይቀራል። ለበረኛ ግን የሥራው ሁለት ፊት ነው፤ ብዙዎቹም ከሙያ ዘመናቸው ሰፊውን ድርሻ የሚጨርሱት በሁለተኛው ፊት ነው። እናትየው መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባውም ይኼው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አብዛኞቻችን በረኛ የሆንነው በሁለት ድንጋይ መካከል ነው። የድንጋይ ጎል አግዳሚ የለውም። «ከላይ ነው!» «ገብቷል!» የሚለው ክርክር የሚዳኘው በበረኛው ቁመት ነው፤ እጁ የሚደርስበት ከፍታ ከሆነ ጎል ነው፣ ካልሆነ የለም። ስለዚህ ብልጥ በረኛ እጁን አያነሳም። በዚህ ሕግ ያደገ ልጅ መሬት ለመሬት የሚመጣን ኳስ በመልቀም ይካናል፤ ከራሱ በላይ ያለውን አየር ግን አያውቀውም። ሕጋዊው ጎል ወርዱ 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። ሲባዛ ወደ 18 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ቤተሰብ ከነልጆቹ ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል ማለት ነው። እኔ በተማሪነቴ ሆጤ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእውነተኛ አግዳሚ ሥር ስቆም፣ ከኋላዬ ሰው በሩን ሳይዘጋ ትቶት የሄደ አዳራሽ ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ እዞር ነበር። የዚያን ቀን አራት ገባብኝ። «ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በለው አለ» ይባላል፤ እኔ አራቱን ነው ግቡ ያልኩት።

ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው እንዴት ይዘጋል? አይዘጋም። የሚቻለው ማጥበብ ነው። ክንድዎን ዘርግተው መዳፍዎን ቢመለከቱ ጦሳ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ መዳፉን ወደ ዓይንዎ ካስጠጉት ግን ያ ሁሉ ተራራ ከኋላው ይጠፋል። አጥቂው ዓይኑ ነው፣ በረኛው መዳፉ፣ ጎሉ ተራራው። አንድ አጥቂ ተከላካዮቹን አልፎ ብቻውን ሲመጣ በረኛው ከመስመሩ ወጥቶ የሚጠጋው ለዚህ ነው። ትምህርቱ መቼ እንደሚወጣ፣ ስንት እርምጃ እንደሚሄድና የት ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ነው። ከልክ በላይ ከወጣ በአናቱ ቆልለው ያገቡበታል፤ ከዘገየ ጎኑ ሰፍቶ ይቆያቸዋል። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለውርወራው ነው። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ግን አሥር ጊዜ የሚወረወር በረኛ ሲያዩ፣ «ቀድሞውንስ ለምን እዚያ ቆመ?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

ሥራው ራሱም ባለበት አልቆመም። እስከ እ.ኤ.አ. 1912 ድረስ በረኛ በራሱ የሜዳ አጋማሽ ውስጥ በፈለገበት ቦታ ኳስን በእጁ መያዝ ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በ16.5 ሜትሩ ሳጥን ተወሰነ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1992 ነው። ያኔ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። ከዚያ በፊት የነበረውን ኳስ ያዩ ያስታውሱታል፤ አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን ኳሱን ለበረኛው ይመልሳል፣ በረኛው ያነሳል፣ ያነጥራል፣ ለተከላካይ ይሰጣል፣ ተከላካዩ መልሶ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። በ2019 ደግሞ የግብ ምት ከሳጥኑ ሳይወጣ በአጠገብ ላለ ተከላካይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። በ2025 የመጣው ሕግ ባሰ፤ በረኛ ኳስን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተቃራኒው ቡድን የማዕዘን ምት ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በጣቱ ይቆጥርለታል፤ ልክ ለሕፃን እንደሚቆጠረው።

ይህ ሁሉ ሲደመር፣ «መጫወት የማይችለው በረኛ ይሁን» የሚለው የሰፈር ደንባችን ጊዜው አልፎበታል። ዛሬ በረኛ ግፊት ሲበዛ ኳስ በእግሩ ተቀብሎ፣ አጥቂ እየሮጠበት፣ 30 ሜትር ርቆ ላለ ጓደኛው የሚያቀብል አሥራ አንደኛ ተጫዋች ነው። ልጁን አንድ ነገር መከርኩት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከጎሉ ወጥቶ አማካይ ሆኖ እንዲጫወት። ፊቱ ጠቆረ። በረኛ ኩሩ ነው።

ወደ አገራችን አየር ልምጣና ትንሽ ልቆይበት፤ ስለ በረኛ ሲወራ ማንም አያነሳውማ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርደው ወዲያው የሚደርሱባት ጎረቤት ሆና ሳለ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። የደሴ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጥግግቱ ከመቶ 78 ያህል ነው፤ የኮምቦልቻው ከመቶ 83 ያህል። አየር የተመታችን ኳስ ሁለት ነገር ያደርጋታል። ከፊቷ ቆሞ ያዘገያታል፤ እየተሽከረከረች ከመጣች ደግሞ ወደ ጎን ገፍቶ ያጠማዝዛታል። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይቀንሳሉ። እናም ደሴ ላይ ከ25 ሜትር የተመታች ኳስ ፈጥና፣ ግን ቀና ብላ ትመጣለች። ያችው ምት በባሕር ዳርቻ ከተማ ትንሽ ትዘገያለች፤ ነገር ግን ትጠመዘዛለች፣ መጨረሻዋ ላይም ትከዳለች።

ልዩነቱ በሰዓት ቢለካ የሰከንድ ጥቂት መቶኛ ነው። ግን የበረኛ ዓይን የሚያሰላው በቁጥር አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ባያቸው ሺህ ኳሶች ነው። ሰውነቱ ያደገበትን አየር ይዞ ይሄዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው ለውጥ በአንድ ልምምድ ይለመዳል፤ ከደሴ ተነስቶ ሌጎስ ወይም ዳሬሰላም ለሚጫወት ግን እጁ ኳሷን ቀድማ ትደርስና ባዶ ትጨብጣለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለበረኛ የተነገረ ይመስለኛል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ከቆላ አገር የመጣ በረኛ 3,600 ሜትር ላይ ባለችው የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ሲቆም ኳሷ ጠብቃው አታውቅም። ለአገሩ የሚጫወት በረኛ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ሊያይ ይችላል። ሜዳው በጉም ሲዋጥ ደግሞ የተለየ ነው። ከጦሳ የወረደ ጉም መሃል ሜዳውን ሲሸፍነው፣ በረኛ ኳስ መመታቷን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ይህን ችሎታ የሚያስተምር አካዳሚ አላውቅም፤ የእኛ ልጆች በነፃ ያገኙታል።

ሪጎሬን ሳላነሳ ባልፍ ልጁ ይቀየመኛል። ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን ርቀት የምትጨርሰው በ0.4 ሰከንድ ነው። ሰው አይቶ ለመንቀሳቀስ ብቻ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ በቀረው 0.2 ሰከንድ ውስጥ ከመሃል ተነስቶ ቋሚው ጥግ መድረስ አይቻልም። ስለዚህ በረኛ የሚወረወረው አይቶ ሳይሆን ገምቶ ነው፤ የሚገምተውም ከመቺው የቆመ እግር፣ ከዳሌው፣ ከአመጣጡ ነው። ሕጉም አይረዳውም። ኳሱ እስኪመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል መስመሩ ላይ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት 286 ቅጣት ምቶችን መርምሮ አስገራሚ ነገር አገኘ። ከ100 ኳሶች 29 ያህሉ ወደ መሃል ነው የተመቱት፤ በረኞቹ ግን ከ100 ውስጥ 6 ጊዜ ብቻ ነው መሃል ላይ የቆሙት። ለምን? ተወርውሮ ቢገባበት «ሞክሯል» ይባላል፤ ቆሞ ቢገባበት «ምን ነካው፣ ደንዝዞ ነው?» ይባላል። በረኛም ሰው ነው፤ የሰው አፍ ይፈራል።

የሰው አፍ የሚለውን ካነሳሁ አይቀር፤ አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ አንድ ቢያገባ ጀግና ነው። በረኛ አምስት አድኖ አንድ ቢስት ስሙ የሚነሳው በዚያችው በአንዷ ነው። ብራዚላዊው ሞአሲር ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ዋንጫ ብራዚል ራሷ ሜዳ ላይ በኡራጓይ 2 ለ 1 ስትሸነፍ ጎሉ ላይ ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 2000 ድረስ፣ ለ50 ዓመት፣ ያችን ሁለተኛ ኳስ ሲጠየቅ ኖረ።

እንግዲህ ወደ መጠበቁ። በሜዳ ላይ አሥር የእግር ተጫዋቾች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቀኝ ተከላካይ ቢጎዳ አማካዩ ይገባበታል፣ አጥቂ ቢደክም ተቀያሪው 20 ደቂቃ ያገኛል። የበረኛ ቦታ አንድ ናት፤ ካልተጎዳ ወይም ቀይ ካርድ ካላየ አይቀየርም። ለዓለም ዋንጫ የሚሄድ ቡድን ቢያንስ 3 በረኛ ይዞ መሄድ ግዴታው ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ውድድሩን ሙሉ ሳይነኩ ቢመለሱ ማንም አይገረምም። ሦስተኛው በረኛ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ ልምምድ ላይ ለአጥቂዎች ኳስ መመለስ፣ አንደኛውን ማሟሟቅ፣ መሳቅ፣ አለመኮራረፍ።

ግን አንዳንዴ ይመጣል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያን ገጠመች። (በነገራችን ላይ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድነውም ጥር 13 ቀን ነው።) ደሴ ያን ቀን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ተጋጣሚውን መታና ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ከወንበር ተነሳ። ሳይሟሟቅ፣ በአሥር ሰው፣ በዓለም ፊት። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያ ላይ ጎሉን የያዘው ሲሳይ ባንጫ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እሱም ፍፁም ቅጣት ምት ሰጥቶ በቀይ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ማልያ ለብሶ ጎሉ ውስጥ ገባ፤ ቪክቶር ሞሰስ መታ፣ ገባ፣ 2 ለ 0። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛና አንድ አማካይ። ዛምቢያ በኩል የነበረው ኬኔዲ ምዊኔ ደግሞ የእኛን ፍፁም ቅጣት ምት አድኖ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ናይጄሪያ ላይ ራሱ ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ አገባ። በረኛ ሆኖ! ልጁ ይህን ስነግረው ክርኑን ማሸቱን ተወ።

ረጅሙን መንገድ ለማየት የዩጋንዳዊውን ዴኒስ ኦኒያንጎን ያህል የሚጠቅመን የለም፤ መንገዱ በእኛ በኩል ያልፋላ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከካምፓላው ቪላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ከተጫወተ በኋላ በ2006 የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ወሰደው። ከዚያ ነገሩ ቀጥ ያለ አልነበረም። ክለብ ቀየረ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገብቶም ወንበር ላይ ቆየ፤ በውሰት ተሰጠ፤ ተመለሰ። በ2016 ሰንዳውንስ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን ሲያነሳ ጎሉ ላይ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ውስጥ ከሚጫወቱት ሁሉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ያኔ 31 ዓመቱ ነው። ዩጋንዳ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ስትገባም በረኛዋ እሱ ነበር። አዲስ አበባን ለቆ ከሄደ አሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። አጥቂ በዚያ ዕድሜ መውረድ ይጀምራል።

ሴኔጋላዊው ኤድዋርድ ሜንዲ የባሰውን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳይ የታችኛው ዲቪዚዮን ክለቡ ውሉን ሳያድስለት ቀርቶ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈት ሆኖ ተመዝግቦ ኖረ። ከዚያ ማርሴይ ሁለተኛ ቡድን፣ ሬምስ፣ ሬን፣ በ2020 ቼልሲ። በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ። የግብፁ ኤሳም ኤል ሃዳሪ ደግሞ በ2018 የዓለም ዋንጫ ሳዑዲ ላይ ሲሰለፍ 45 ዓመት ከ161 ቀን ነበረው፤ ያም ሆኖ ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ። ጣሊያናዊው ዲኖ ዞፍ የዓለም ዋንጫን ያነሳው በ40 ዓመቱ ነው። የእነዚህን ሰዎች ዕድሜ የማነሳው ለማስደነቅ አይደለም፤ እናትየው «እስከ መቼ ነው የሚጠብቀው?» ስላሉኝ ነው። ሌላውን ልጅ በ20 ዓመቱ ካልታወቀ አለቀለት ይሉታል፤ በረኛ በ20 ዓመቱ ገና ፊደል ቆጣሪ ነው። ጂያንሉዊጂ ቡፎን በ17 ዓመቱ ለፓርማ ተሰልፎ እስከ 45 ዓመቱ መጫወቱን አውቃለሁ፤ እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። እሱም ቢሆን ወደ ጎል የገባው በ1990 የዓለም ዋንጫ ካሜሩናዊውን ቶማስ ንኮኖን አይቶ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁንም ሉዊ ቶማስ ብሎታል። ጣሊያን በረኛነትን ከአፍሪካ ተማረ ብል አጋነንኩ አይባልም፤ ቢባልም ግድ የለኝም።

በዚህ ረድፍ የእኛ ሰው የለም። አንዱ ምክንያት ከዚያው ከኦኒያንጎ ታሪክ ይመዘዛል። ትልልቅ ክለቦቻችን ዋንጫ ሲፈልጉ ከዩጋንዳ፣ ከጋና በረኛ ያመጣሉ፤ ከእሱ በኋላም ሌላው ዩጋንዳዊ ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የጊዮርጊስን ጎል ይዟል። አጥቂ ከውጭ ሲመጣ የአገሬው አጥቂ በሌላ ቦታ ይሰለፋል። በረኛ ሲመጣ ግን የአገሬው ልጅ ወንበሩን ይወርሳል። ክለቦቹን አልወቅስም፤ አንዲት ቦታ ናት፣ የተሻለው ይያዛት። ግን በረኛ በልምምድ ብቻ አይበስልም፤ ስህተት የሚሠራበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ለወሎ ልጅ ይህ ማለት በታላቅ ክለብ ሁለተኛ ከመሆን ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት በከፍተኛ ሊግ ወይም በአንደኛ ሊግ አንደኛ መሆን ይሻለዋል ማለት ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም የከተማ ክለብ አላቸው። ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት። ደመወዙ ያንሳል፣ መንገዱ ያደክማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አግዳሚው ሥር የሚቆመው እሱ ነው።

አሁን ወረቀት። እናቶች የሚያግዙት እዚህ ላይ ነው፤ ውርወራውን ልጁ ይወቅበት።

ልጁ የተወለደው ጥር 2004 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጥር 2012 ማለት ነው። አንድ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጥ «2004» ብሎ ፎርም ላይ ቢያሰፍረው፣ ልጁ በዓለም ዓይን 8 ዓመት አረጀ፤ የ14 ዓመቱ ታዳጊ የ22 ዓመት ጎልማሳ ሆነ። የተገላቢጦሹ፣ ዕድሜ መቀነሱ፣ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ እሱም ዋጋ ያስከፍላል። ፊፋ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሳል። ልጅ ሳለን ከአንጓችን በላይ ያለው አጥንት ጫፉ በለስላሳ ክፍል የተለየ ነው፤ አድገን ስንጨርስ ይጋጠማል። ሙሉ በሙሉ የተጋጠመ አጥንት ከተገኘ ዕድሜው አልፏል ይባላል። በረኛ በእጁ ይኖራል፣ በእጁም ይያዛል።

ሁለተኛው ወረቀት የክለብ ምዝገባ ነው። አንድ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 ከመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 0.25፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 0.5። ልጁ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ የደሴ ክለብ ተመዝግቦ አድጎ፣ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር ለዚያ ክለብ 20 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ኳስ፣ መረብና የበረኛ ጓንት ለስንት ዓመት እንደሚገዛ እናንተው አስሉት። ግን ምዝገባው በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ከሌለ ክፍያውም የለም። በቃል ያደገ ልጅ በቃል ይቀራል።

ሦስተኛው ደላላ ነው፤ ወረቀት ባይሆንም ወረቀት ይዞ ስለሚመጣ እዚሁ ይግባ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅን «አውሮፓ ሙከራ አስገባዋለሁ፣ ለቪዛ ይህን ያህል ብቻ ክፈሉ» የሚል ሰው ከመጣ ቡናውን አጠጥቶ መሸኘት ነው። ሰፈራችን ውስጥ በሬ ሸጠው የከፈሉ አሉ፤ ልጁም ገንዘቡም አዲስ አበባን አላለፉም። 18 ከሞላ በኋላም መንገዱ በብሔራዊ ቡድን በኩል ነው የሚሰፋው። እንግሊዝ ለምሳሌ የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ የተጫዋቹ አገር በፊፋ ደረጃ ስንተኛ እንደሆነችና ለብሔራዊ ቡድኑ ምን ያህል ደቂቃ እንደተሰለፈ ታያለች። ዞሮ ዞሮ ያችው አንድ ቦታ። በረኛ ለዋልያዎቹ ካልቆመ ፈቃዱም ይርቃል።

ስለ ጉዳት ብዙ አልልም፤ ጣት ይሰበራል፣ ትከሻ ይወልቃል። ቼካዊው ፒተር ቼክ እ.ኤ.አ. በ2006 አጥቂ እግር ሥር ገብቶ የራስ ቅሉ ከተሰበረ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የራስ መከላከያ አድርጎ ነው የተጫወተው። እናትየው ይህን ሲሰሙ ልጁን ዞር ብለው አዩት፤ እሱም ጣራውን አየ።

«ታዲያ እንጀራ ይሆናል ነው የምትለኝ?» አሉ በመጨረሻ፣ ስኒዎቹን እየሰበሰቡ።

ለጥቂቶች ይሆናል አልኳቸው፤ ለብዙዎቹ ደግሞ ከሌላ እንጀራ ጎን የሚበላ ወጥ ነው። ትምህርቱን አያቋርጥ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይስተካከል፤ ክለብ ሲገባ ስሙ በመዝገብ መግባቱን እርስዎ ራስዎ ሄደው ይዩ። «አብሽር» አሉት ወደ ልጁ ዞረው። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ያ ከላይ ያልከው እንጨትስ፣ አግዳሚው፣ ስንት ክንድ ከፍ ይላል?»

አምስት ክንድ ገደማ አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት በቤታቸው በኩል ሳልፍ የልብስ ማስጫ ገመዳቸው ግቢው ውስጥ አልነበረም።